የሐረሯ 404 ከጉዳት ተመለሰች

ሐረር የሄድኩት ለኳስ ነበር። የታዳጊዎች የሰፈር ውድድር አለ ተብዬ ከድሬዳዋ በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ፣ ማስታወሻ ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ፣ አርብ ከሰዓት ሐረር ገባሁ። ስደርስ ጨዋታው ለቅዳሜ ጠዋት ተዛውሯል። ምን ይደረጋል! ጨዋታ ያጣ የስፖርት ጋዜጠኛ ማለት ጎማ ያጣ መኪና ማለት ነው። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስበሳጭ፣ አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ «አቦ፣ ኳስ ካጣህ ና ሌላ ግጥሚያ ላሳይህ» ብሎ እጄን ይዞ አስነሳኝ።

የወሰደኝ ጋራዥ ነው። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ የመፍቻ ሳጥን፣ በቃ። መሐል ላይ ኮፈኗ የተከፈተ፣ አንጀቷ የተዘረገፈ ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 ቆማለች። የኋላ መቀመጫዋ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። እላዩ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ሆጃ ይጠጣሉ። ከዳሽቦርዷ ስር ደግሞ የሰው ሁለት እግር ብቻ ይታያል።

«ግጥሚያው ከማን ጋር ነው?» አልኩ ለቀልድ።

«ከሽቦ ጋራ ነዋ!» አለ ከዳሽቦርዱ ስር የወጣው ድምፅ። «እስካሁን ሽቦ ሁለት ለዜሮ እየመራ ነው።»

ባለ እግሩ ኤሌክትሪሺያኑ ነው። አዛውንቱ የመኪናዋ ባለቤት ናቸው። ስማቸው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም። ሰፈሩ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። «የመኪና ወሬ የስፖርት ገፅ ላይ ምን ይሰራል?» የምትሉ አንባብያን ትንሽ ታገሱኝ። ይህች መኪና ተጫዋች ባትሆንም ቡድን ነበራት።

የቡድኑ አውቶብስ

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ፈረስ መጋላን ያውቃል። በሐረር በር በኩል ወደ ጁገል ገብታችሁ አንደኛ መንገድን ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ የምታገኙት አደባባይ ነው። ያ አደባባይ ለረጅም ዘመን የ404 ታክሲዎች መሰለፊያ ነበር። ሐረርን የጎበኘ ፈረንጅ ሁሉ ከጅቡ ቀጥሎ ፎቶ የሚያነሳው እነሱን ነበር። ባጃጅ ከመጣ በኋላ ግን ጊዜው ተቀየረ። ባጃጅ ትንሽ ይጠጣል፣ ጠባብ መንገድ ላይ እንደ ክንፍ ተጫዋች ይታጠፋል። 404ዎቹ አንድ በአንድ ከሰልፉ ወጡ። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ቆመ፣ አንዳንዱ ለሌላው መለዋወጫ ሆነ፣ አንዳንዱም በኪሎ ተሸጠ።

ጋሼ በዚህች መኪና ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ስራ ነበራት። የሰፈሩን የታዳጊዎች ቡድን ወደ ጨዋታ ታመላልሳለች፤ አንዳንዴም እስከ ድሬዳዋ።

«ስንት ልጅ ይጭናሉ?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ። ስድስት ከኋላ፣ ሶስት ከፊት። ማርሿ ከመሪው ስር ስለሆነ ከፊት ቦታ ሰፊ ነው። የቀሩት በሚኒባስ ይመጣሉ። ትራፊክ ሲያየን ይስቃል እንጂ... አይ፣ ይሄን አትፃፈው!»

ጋሼ ይቅርታ፣ ፃፍኩት።

መፍቻ የሚያቀብለው የኤሌክትሪሺያኑ ረዳት አስራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ያኔ የቡድኑ የግራ ተከላካይ ነበር። «የኋላ መቀመጫ መሐሉን ማንም አይፈልገውም» ብሎ አጫወተኝ። «ስፕሪንጉ ይወጋል። ተቀያሪ የሆነ ልጅ ነበር የሚቀመጥበት። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሁሌ ተቀያሪ ነበርኩ!»

ይህን ቀልድ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የደንገጎዋ ምሽት

ከሶስት ዓመት በፊት ነው። ቡድኑ ድሬዳዋ ተጫውቶ ተሸንፎ እየተመለሰ ነበር። ደንገጎ ላይ መሸባቸው። ጋሼ መብራት አበሩ። ጥቂት እንደሄዱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታቸው፤ ወዲያው ከዳሽቦርዱ ጭስ ወጣ። ልጆቹ ጮኹ። ጋሼ ዳር ይዘው አቆሙ፣ ልጆቹን አስወረዱ፣ ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ገመድ በባዶ እጃቸው መንጭቀው አወጡት። የቀኝ መዳፋቸው ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ማንም አልተጎዳም። ግን መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ሐረር ገባች፣ ከዚያ ወዲህም ቆመች።

«ሞተሯ እኮ ጤነኛ ነው» አሉኝ ጋሼ። «ሁለት ባለሙያ አይቷታል። ሽቦ እንቀይርና ንዳት ይሉኛል። እሳቱ ከየት መጣ ስላቸው፣ ‹አርጅታለች› ይሉኛል። እርጅና እሳት ያነሳል እንዴ? እኔም አርጅቻለሁ!»

ልጆቻቸው አድገው ከሐረር ወጥተዋል። ስልክ ሲደውሉ «አባባ፣ ሽጣት» ይሏቸዋል። ብረት ገዢው ዋጋ ተናግሮ ሄዷል። ሰኞ ይመጣል። ጋሼ ለራሳቸው የሰጡት ቀጠሮም ይሄው ነው፦ እስከ ሰኞ እሳቱ የመጣበት ቦታ ከተገኘ መኪናዋ ትነዳለች፤ ካልተገኘ በኪሎ ትሄዳለች። «የሰው ልጅ ጭኜ፣ የሚያቃጥለኝን ሳላውቅ አልነዳም» አሉ። ከዚህ በላይ ግልፅ የጨዋታ ደንብ የለም። ቀሪው ሰዓት ከአርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ነው።

ከሶሾ እስከ ሳፋሪ

ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን እየፈታ ሳለ ስለ መኪናዋ ትንሽ ላውጋችሁ። 404 ከስፖርት ጋር ዝምድና አላት፤ ያውም የስጋ ዝምድና።

ፔጆ 404ን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ቅርጿን የነደፈው የኢጣሊያው ፒኒንፋሪና ነው። ዋናው ፋብሪካዋ ያለው ፈረንሳይ፣ ሶሾ የሚባል ቦታ ነው። ሶሾ! ስሙን ታውቁታላችሁ አይደል? የኳሱ ሶሾ ነው። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1928 ያቋቋመው ዣን ፒየር ፔጆ ነው። በ1935 እና በ1938 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2007 ደግሞ የፈረንሳይ ዋንጫን ማርሴይን በመለያ ምት አሸንፎ ወስዷል። ፔጆ ክለቡን በ2015 ሸጠው። በ2023 በገንዘብ ቀውስ ወደ ሶስተኛው እርከን ተጣለ፣ ሊፈርስም ጫፍ ደረሰ። ያተረፉት የአካባቢው ባለሀብቶችና ገንዘብ ያዋጡ ደጋፊዎች ናቸው። አሮጌ ነገር ተገፍቶ ሊወድቅ ሲል የሚይዘው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሶሾም ይሁን ሐረር።

ጉልበትስ? አሜሪካኖች በዚያው ዘመን «ባለ ጡንቻ» የሚሏቸውን መኪናዎች ይሰሩ ነበር። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 6.4 ሊትር ሞተር ነበረው። የኛዋ 404 ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1618 ሲሲ ናት። በወረቀት ላይ ከተገናኙ ለብሔራዊ ቡድን የሰፈር ቡድን እንደማቅረብ ነው። ጡንቻ ግን በአስፋልት ብቻ አይለካም።

እ.ኤ.አ. በ1963 በምስራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ 84 መኪናዎች ተነሱ። ጭቃው፣ ጎርፉና ድንጋዩ በልቷቸው የጨረሱት ሰባት ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጡት ኒክ ኖዊኪ እና ፓዲ ክሊፍ ሲሆኑ የነዱት 404 ነበር። በ1966 እና በ1967 በርት ሻንክላንድ እና ክሪስ ሮትዌል በ404 አሸነፉ። በ1968 እንደገና ዝናቡ ወረደ፣ እንደገና የጨረሱት ሰባት ብቻ ሆኑ፣ እንደገና ኖዊኪ እና ክሊፍ በ404 አንደኛ ሆኑ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ዋንጫ! ደንገጎን ዘጠኝ ልጅ ጭና የምትወጣ መኪና ከዚህ ዘር ብትሆን ምን ይገርማል?

መፍቻና ኳስ

ጋሼ የራሊውን ወሬ ሲሰሙ ፈገግ አሉና «አንተ የኳስ ሰው አይደለህ፣ ሉቺያኖን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

ሉቺያኖ ቫሳሎን የማያውቅ የኢትዮጵያ የኳስ አፍቃሪ አለ እንዴ! እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ አምበል የነበረው እሱ ነው። በፍፃሜው 2 ለ 1 እየተመራን ሳለ አቻ ያደረገችንን ጎል ያስቆጠረውም እሱ ነው። ለድሬዳዋው ኮተን ተጫውቷል። ጋሼ ልጅ ሆነው ከሐረር ወርደው ሲጫወት አይተውታል።

«እሱ እኮ መካኒክ ነበር!» አሉ እንደ ትልቅ ሚስጥር።

እውነት ነው። ሉቺያኖ በሙያው መካኒክ ነበር፤ ከአገር ከወጣ በኋላም ኢጣሊያ ውስጥ በመኪና ጥገና ኖሯል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 እዚያው አረፈ። የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳ እጅ ካንዴላ ሲፈታ ኖረ ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ሲሰማ ከዳሽቦርዱ ስር ወጥቶ ቁጭ አለ። ፊቱ ጥቀርሻ ነው። «እንግዲያው የሙያ ወንድሜ ነዋ!» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይበልጥ ቀጥ ብሎ የሰራ መሰለኝ።

ዳኛውን ያሰረው ማነው?

አሁን ወደ ሽቦው። ይህን ክፍል የፃፍኩት ኤሌክትሪሺያኑ እንዳስረዳኝ ነው፤ አሮጌ መኪና ቤቱ ያለው ሰው ቢቆርጠው አይጎዳም።

አንደኛ፣ ከምንም በፊት ባትሪው ይፈታል፤ በማሳው በኩል። ማሳ የሚሉት ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው። መብራት በሽቦ ይሄድና በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። የመመለሻው መንገድ ነው ማሳ። «ሰው ሁሉ የሚሄደውን ሽቦ ያያል፤ መመለሻውን ማንም አያይም» አለኝ። በእርግጥም የፊት መብራቱ ጋ በቴስተር ሲለካ ባትሪው ላይ ከ12 ቮልት በላይ የነበረው አምፖሉ ጋ ሲደርስ 10 ሆኗል። ሁለት ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ ግን አምፖል በዚህ ቮልት የሚሰጠው ብርሃን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጥፋቱ አምፖሉ አይደለም፤ የዛገ የማሳ ብሎን ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ መልሶ አሰረው። መብራቱ ተመለሰ። 2 ለ 1።

ሁለተኛ፣ ምንም ሽቦ ሳይመዘገብ አይነቀልም። የ404 ሽቦዎች በዘመናቸው ቀለም ነበራቸው፤ አሁን ሁሉም የአፈር ቀለም ሆነዋል። ረዳቱ የተማሪ ደብተር ይዞ እያንዳንዷ ሽቦ ከየት ወደ የት እንደምትሄድ ይስላል፣ ጫፏ ላይ ናስትሮ ጠቅልሎ ቁጥር ይፅፍባታል። አርባ ምናምን ቁጥር ቆጠርኩ። ልጁ የፊዚክስ ፈተና ላይ ይህን ያህል ቢጠነቀቅ ኖሮ ሲል አለቃው ቀለደበት።

ሶስተኛ፣ ኋላ የመጣው ሁሉ ይወጣል። ባለፉት ዘመናት ቴፕ ተገጥሟል፣ ቴፑ ተሰርቋል፣ ሽቦው ግን ቀርቷል። ተጨማሪ መብራት ተገጥሟል፣ ተነስቷል፣ ሽቦው ቀርቷል። ሁሉም በጥርስ ተልጦ፣ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ የተሸፈነ። ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ብቻ ሁለት እፍኝ የሞተ ሽቦ ወጣ።

አራተኛው ነገር ግን ቀልዱን ሁሉ አቆመው። ኤሌክትሪሺያኑ የፊውዙን ሳጥን ከፍቶ ጋሼን ጠራቸው። በአንዱ ፊውዝ ቦታ የተቀመጠው ፊውዝ አይደለም። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ነው።

ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው። መስመሩ ላይ ከሚገባው በላይ ኃይል ሲያልፍ እሱ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ጨዋታው ይቆማል። ለኛ ገፅ አንባቢ እንዲገባ፣ ፊውዝ ዳኛ ነው። አደገኛ ነገር ሲያይ ፊሽካ ይነፋል። አንድ ሰው ግን በአንድ ወቅት ዳኛው ፊሽካ ሲያበዛበት ዳኛውን አስሮ የራሱን ሰው አስገብቷል።

ጋሼ ሽቦውን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «እኔ ነኝ» አሉ። «ያ ፊውዝ ሁሌ ይቃጠልብኝ ነበር። ማታ ማታ ብቻ። ሰው ስጭን። አንድ ሌሊት ተሳፋሪ ቸኮለብኝ፣ ይቺን አስገባሁ። ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር።»

ማንም አልተናገረም። ፊውዙ ማታ ማታ ይቃጠል የነበረው ሊነግራቸው የፈለገው ነገር ስለነበር ነው። ግን ምን? ያን ጊዜ አልታወቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታዬን አየሁ። አንድ አቻ ተለያዩ፤ ዘገባው በሌላ ቀን ወጥቷል። ማስታወሻዬን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነው የሮጥኩት። እውነቱን ልናገር፣ ጨዋታውን ሳይ ልቤ ከሽቦው ጋር ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ሌሊቱን አልተኛም። የቀለጠውን የዳሽቦርድ ሽቦ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቀይሯል፤ ለፊት መብራት ወፈር ያለ፣ ለትንንሾቹ ቀጠን ያለ። መጋጠሚያዎቹን በስታኞ በይዷል። እውነተኛ ፊውዞች አስገብቷል። የራዲያተሩን ማራገቢያ ሽቦም አድሷል። ይህ ማራገቢያ የ404 ልዩ ነገር ነው። ሁልጊዜ አይዞርም። ውሃው ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ማግኔት ይይዘውና ያኔ ይዞራል። ስለዚህ ያቺ ቀጭን ሽቦ ደንገጎ ላይ ብትበጠስ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ሞተሩ ይበላሻል። ሞተር ገደለኝ የሚል ባለመኪና ስንቱ ነው የገደለው ሽቦ የሆነ!

ቀጥሎ ያየሁትን ፈተና እስካሁን አልረሳሁትም። ኤሌክትሪሺያኑ የማሳውን ገመድ ከባትሪው አላቀቀና በባትሪውና በገመዱ መሐል የፊት መብራት አምፖል አስገባ። አሁን ወደ መኪናዋ የሚሄደው ኃይል ሁሉ በዚህ አምፖል በኩል ማለፍ አለበት። የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ብረት ከነካ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ እሳት ግን አይነሳም፣ አምፖሉ ይይዘዋል። ካልነካ አምፖሉ ድንግዝ ብሎ ይቀራል።

የፊቱን መስመር ሞከረ፦ ደህና። ፍሬቻ፦ ደህና። ክላክስ፦ ደህና። የኋላ መብራት፦ ደህና። አምፖሉ እንደ ኩራዝ ጭል ጭል ይላል እንጂ ቦግ አላለም። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ፊቱ አልፈታም። «ምንም የለም» አለ። «ምንም ከሌለ ደግሞ ምን አቃጠላት?» ጋሼም ገባቸው። ጤነኛ ናት መባል ለሳቸው መልስ አይደለም። «እንግዲህ ሰኞ ይምጣ» አሉ ቀስ ብለው።

መሸት ሲል ግቢው ሊዘጋ ሆነ። ረዳቱና እኔ የኋላ መቀመጫውን ተሸክመን ወደ ቦታው መለስነው። መብራቷ አልጠፋም ነበር፤ አምፖሉም እንደታሰረ ነው። ጋሼ በኋላ በር ገቡና፣ የሚሰናበቷት መሰሉኝ፣ መሐሉ ላይ ቁጭ አሉ።

አምፖሉ ቦግ አለ!

ግቢው በብርሃን ተሞላ። ጋሼ ደንግጠው ብድግ አሉ። አምፖሉ ደበዘዘ። «ይቀመጡ!» ብሎ ጮኸ ኤሌክትሪሺያኑ። ተቀመጡ። ቦግ! «ይነሱ!» ደበዘዘ።

«የመሐሉ ቦታ!» አለ ረዳቱ። «የተቀያሪው ቦታ!»

መቀመጫውን መልሰን አወጣነው። ኤሌክትሪሺያኑ ወለሉ ላይ ያለውን አሮጌ ምንጣፍ በምላጭ ቀደደው። ከስሩ ወደ ኋላ መብራት የሚሄደው ሽቦ ተኝቷል። አንድ ቦታ ላይ ልጡ ተበልቶ መዳቡ ያበራል። አጠገቡ ብረቱ ላይ የሃምሳ ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ቃጠሎ አለ። የተሰበረው የስፕሪንግ ጫፍ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ምንጣፉን አልፎ ሽቦውን ሲፋቅ ኖሯል፣ ሽቦውን ከብረቱ ጋር ያገናኘዋል። ማታ ማታ ብቻ፣ ምክንያቱም መብራት የሚበራው ማታ ነው። ሰው ሲጫን ብቻ፣ ምክንያቱም ሰው ሲቀመጥ ነው የሚነካው። ሁለቱ ባለሙያዎች ያላገኙት ባዶ መኪና ስለመረመሩ ነው። እኛም አርብ ያላገኘነው መቀመጫው ወጥቶ፣ ጋሼ እላዩ ላይ ቁጭ ብለው ሆጃ ሲጠጡበት ስለነበር ነው!

ደንገጎ ላይ ስድስት ልጅ ተጭኖ፣ መብራት በርቶ፣ ዳኛው ታስሮ ነበር። ሽቦው ከኋላ እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ ጋለ። ጭሱ ከፊት ታየ፤ ጥፋቱ ከኋላ ነበር።

ጋሼ ጥቁሩን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። «እዚህ ላይ ነበር የተቀመጥከው?» አሉት ረዳቱን። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። አቀፉት። እኔ ወደ ሌላ ቦታ አየሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ ያችን ቦታ በናስትሮ ጠቅልሎ አላለፈም። ሽቦውን ከፊት እስከ ኋላ ቀየረው፣ በቱቦ አስገብቶ በበሩ ስር ባለው ጠርዝ በኩል አሳለፈው፤ ከእንግዲህ ማንም አይቀመጥበትም። ሂሳብ ሲጠየቅ የሽቦውንና የፊውዙን ብቻ ተቀበለ። «የእጄን ልጁ ይክፈለኝ፣ ሙያውን ተምሮ» አለ። መንግስት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። «ነገ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሽቦ ነው» አለኝ። «በዚች አሮጊት ያልተማረ በየትኛው ሊማር ነው?»

ወደ ፈረስ መጋላ

እሁድ ማታ ከፊት ሶስት ሆነን ተቀመጥን፤ ጋሼ፣ ኤሌክትሪሺያኑና እኔ። መቀመጫው አልነበረም፤ ስፕሪንጉ እንዲቀየርና እንዲሰፋ መኪና ግርግር ተልኳል። ለማታውቁት፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ነው። ስሙ ከተሽከርካሪ ሳይሆን ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። ለ404 መቀመጫ ግን ከዚህ የተሻለ የቦታ ስም አይገኝም።

ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው አንዴ አጉረመረመ፣ ሁለተኛው ላይ ያዘ። መብራት አበሩ። እጃቸው ማብሪያው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ዳሽቦርዱን አሸተቱት። ምንም። በሐረር በር ገባን። አንደኛ መንገድ ላይ ባጃጆቹ ዳር እየያዙ ክላክስ አደረጉልን። ፈረስ መጋላ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው «ታክሲ!» ብለው ተጣሩ። ጋሼ ቆሙ። «ዛሬ አልጭንም» አሏቸው እየሳቁ፤ «መቀመጫው እስኪመጣ ነው።»

ሰኞ ብረት ገዢው መጥቶ እንደነበር በስልክ ሰማሁ። ጋሼ ሁለት እፍኝ የሞተ ሽቦና ያቺን ወፍራም የመዳብ ቁራጭ በፌስታል አስረው ሰጥተውታል። ሚዛን ላይ አስቀምጦ ከፍሏቸው ሄዷል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ረዳቱ ደወለልኝ። ቡድኑ ድሬዳዋ ጨዋታ አለው፤ ጋሼ ከኋላ ከአራት ልጅ በላይ አልጭንም ብለዋል። መሐሉ አዲስ ስፕሪንግ ስለገባለት ከሁሉም ቦታ የሚመቸው እሱ ሆኗል።

«ታዲያ ተቀያሪው ነው የሚቀመጥበት?» አልኩት።

«ኧረ ተው! አሁንማ በዕጣ ነው» አለኝ።